ማን እንደ ገባ እንወቅ፤ ምን እንደ ተባለ አንስማ

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

 

ትናንት ወደ ማምሻው ሶዶ ገብቼ ቀና ስል ዳሞታ እዚያው ቦታው ላይ ነው። ተማሪ ሳለን «በሚመጣው ቅዳሜ እንወጣዋለን» እያልን ዓመታት ያሳለፍንበት ተራራ። አብዛኞቻችን ሳንወጣው ተመረቅን። ዛሬ ደግሞ ጉልበቱ የለም። ከተማው ግን እኛ እንደተውነው አልቆየም፤ በ2015 መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልል መቀመጫ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲያችንም በ1999 ዓ.ም. ሲቋቋም ከነበረበት ብዙ ርቆ ሄዷል። ደስ ይላል።

አዘጋጆቹ «ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር ተናገር» ሲሉኝ ፈራሁ። ስለ ቴክኖሎጂ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ነገ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ስለ ትናንት ነው የምነግራችሁ፤ ያውም ስለ ራሴ ጥፋት። ርዕሴ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ማለትም ሠራተኛውም ተማሪውም አንድ ጊዜ ማንነቱን አሳይቶ ሁሉንም የዩኒቨርሲቲውን አገልግሎት የሚጠቀምበት አሠራር፤ የሙያው ሰዎች ሲንግል ሳይን ኦን ይሉታል። ሁለተኛው ምስጢሩ የተጠበቀ የፈጣን መልእክት አገልግሎት ነው። ሁለቱ ለምን አብረው እንደሚሄዱ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከዚህ ግቢ ከወጣሁ በኋላ በሌላ ዩኒቨርሲቲ በአይሲቲ ክፍል ውስጥ ተቀጠርኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም። የምነግራችሁ ጥፋት የእኔ እንጂ የተቋሙ አይደለም፤ ደግሞም በየትኛውም ግቢ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። የእናቴን ቤት ልቆጣጠር አልመጣሁም፤ ጎረቤት ቤት ሄጄ የተማርኩትን ልነግራት ነው የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ተቋም የተማሪዎች ውጤት የሚገባበት አንድ ሥርዓት ነበረ። ሬጅስትራር ውስጥ አራት ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አካውንት መክፈት ነበረብኝ። ግን አንዱ ይመጣል፣ ሌላው ይዛወራል፣ ሦስተኛዋ ወሊድ ትወጣለች፣ «የይለፍ ቃሌ ጠፋብኝ» የሚል ስልክ በየቀኑ ይደወላል። ሰለቸኝ። አንድ የጋራ አካውንት ከፈትኩና የይለፍ ቃሉን ለአራቱም ሰጠኋቸው። እነሱም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከኪቦርዱ ሥር ለጠፉት። ሁላችንም ተገላገልን። እንደዚያ መሰለን።

አንድ ቀን የአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ውጤት ከሲ ወደ ቢ ተቀይሮ ተገኘ። ማን ቀየረው? ተጠራሁና መዝገቡን አወጣሁ። መዝገቡ ቀኑን ይላል፣ ሰዓቱን ይላል፤ «ማን?» ሲባል የጋራውን አካውንት ስም ይላል። አራቱም ሠራተኞች «እኔ አይደለሁም» አሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ከወራት በፊት በአንድ ደቂቃ የሠራውን ማን ያስታውሳል? ሰው ሲጠፋ ጥርጣሬው ተጠቃሚ ናት ወደተባለችው ዞረ። «ገንዘብ ከፍላ ነው»፣ «ዘመድ አላት» ተባለ። ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ከትምህርት ታገደች።

ያቺ ልጅ ቢሮዬ መጥታ የጠየቀችኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ማን እንደሆነ አያውቅም እንዴ?» አለችኝ።

አያውቅም። እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከብዙ ወራት በኋላ የመምህሩ የማስተካከያ ቅጽ በሌላ ትምህርት ክፍል ፋይል ውስጥ ተገኘ። መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ሲደምር ተሳስቶ ነበር፤ በደንቡ መሠረት አስተካክሎ ፈርሞ ላከ፤ ከአራቱ አንዱ አስገባው፤ ቅጹ ሌላ ፋይል ውስጥ ገባ። በቃ። ቢው የሚገባት ውጤት ነበር። ልጅቷ ግን ያንን ዓመት አጣች፤ ከጓደኞቿ ጋር አልተመረቀችም።

ብዙ ሰው የይለፍ ቃልና መዝገብ ሌባ ለመያዝ ብቻ ይመስለዋል። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ንጹሑን ሰው ነው። ሌባማ መዝገብ ባይኖር ደስታው ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ጊዜ መግቢያን በቁም ነገር ማጥናት የጀመርኩት። ታሪኩ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቅርብ ነው፤ የተወለደው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ ያለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ የምንለው፣ አቴና የተባለ ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡ ተማሪው በግቢው ውስጥ የትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ የራሱን ሥራ እንዲያገኝ ነው። ወዲያው ችግር መጣ። ኮምፒውተሩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የተቀመጠው ሰው እውነተኛው ባለቤት መሆኑን በምን እናውቃለን? በየአገልግሎቱ የይለፍ ቃል ብንጠይቅ መሐል ላይ የሚያዳምጥ ይሰርቀዋል። መልሱ ኬርቤሮስ ሆነ፤ በግሪክ ተረት የሙታንን ዓለም በር በሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ስም ተጠራ።

አሠራሩን በመናኸሪያ ልንገራችሁ። ጠዋት ትኬት ቢሮ ሄደህ ማንነትህን አሳይተህ ትኬት ትቆርጣለህ። ከዚያ በኋላ ረዳቱ የሚያየው ትኬትህን እንጂ መታወቂያህን አይደለም። ትኬቱ ቀንና ሰዓት አለው፤ ጊዜው ሲያልፍ ወረቀት ነው። ኬርቤሮስም እንደዚያ ነው፤ የይለፍ ቃልህን የሚያውቀው አንዱ የትኬት ቢሮ ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሬጅስትራሩ፣ የትምህርት ማኔጅመንቱ ትኬትህን አይተው ያስገቡሃል።

አሁን ሁለቱ ርዕሶቼ የሚገናኙበትን ልንገራችሁ። ያው የአቴና ፕሮጀክት ዜፊር የተባለ የፈጣን መልእክት አገልግሎትም ሠርቷል፤ ማንነትን የሚያረጋግጠውም በኬርቤሮስ ነበር። ቴሌግራም ከመምጣቱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መልእክት የሚያወራህ ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅህ ምስጢር መጠበቁ ምን ይረባል? ከሌባ ጋር በሹክሹክታ ማውራት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጨምሯል። የሰዎችን ዝርዝር በአንድ ቦታ ለመያዝ የሚያገለግለው ኤልዳፕ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተሠራ። ድረ ገጾችን በአንድ መግቢያ የሚያገናኘው ካስ የተባለው ደግሞ ከየል ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው። ተማሪ በእንግድነት በሄደበት ዩኒቨርሲቲ በራሱ ተቋም መለያ ዋይፋይ የሚያገኝበት ኤዱሮምም ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ነው። ይህን የምደረድረው ለማስደነቅ አይደለም። እነዚህ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው ለማለት ነው። በጀት የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም። የሚያስፈልገው ሰው፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ወደ መልእክቱ ልምጣ።

እዚህ ካለነው መካከል የትምህርት ክፍሉ ጉዳይ ቴሌግራም ላይ የማይሄድ ማን አለ? የፈተና ፕሮግራም በቴሌግራም፣ የስብሰባ ጥሪ በቴሌግራም፣ የተማሪ ውጤት ከነስምና መታወቂያ ቁጥሩ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ይህ ልማድ ይበልጥ ሥር ሰደደ። እኔም ተጠቃሚ ነኝ፤ ቴሌግራምን ለማጥላላት አልመጣሁም። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፤ የቴሌግራም ተራ ንግግርና ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። እንደዚያ የሚሆነው ሁለት ሰዎች «ምስጢራዊ ንግግር» የሚለውን ራሳቸው ሲከፍቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሁለተኛ፤ አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው። ተማሪ ቁጥሯ ለሁሉም እንዲታይ ከተወች የክፍሉ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል። በምሠራበት ግቢ ከክፍል ግሩፕ ቁጥሯ ተወስዶ ሌሊት ሌሊት እየተደወለላት የተሰቃየች ልጅ ነበረች። መፍትሔዋ ሲም መቀየር ሆነ። ሲሙን ስትቀይር ከግሩፑ ወጣች፤ የፈተና ለውጥ ሳትሰማ ቀረች። አያችሁ? ለትምህርቷ የግል ስልክ ቁጥሯን እንድትከፍል ተደረገች።

ሦስተኛ፤ ቁልፉ በእጃችን አይደለም። በ2008 የአገር አቀፍ ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ከወጣ ወዲህ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዘጋቱን አይተናል። በየካቲት 2015 ደግሞ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ለአምስት ወር ያህል ታገዱ። ለምን ተዘጋ የሚለው የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ግን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የውስጥ ሥራ፣ የላብራቶሪ ፕሮግራም፣ የሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ጥሪ ውጭ አገር ባለ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ገመዱ ሲቆረጥ አብሮ ይወድቃል። ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር ግን ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ቢቋረጥም በግቢው ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። መብራት እስካለ ድረስ።

እኛ የመረጥነው ኤክስኤምፒፒ የተባለውን ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ጃበር በሚል ስም የተጀመረ፣ በኋላም ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት፣ ማንም የማይሸጠው የመልእክት ቋንቋ ነው። ሰርቨሩ ቀላል ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። በስልክ ላይ የሚጫነው መተግበሪያም በርካሽ አንድሮይድ ይሠራል። ሌላው አማራጭ ማትሪክስ ነው፤ የፈረንሳይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቻፕ የተባለውን መልእክት መለዋወጫ የሠራው በእሱ ላይ ነው። እሱ ከበድ ያለ ሰርቨር ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ያለን አሮጌው ነበር።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ሆነ? ሶፍትዌሩን መጫን የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስሞቹን ማስተካከል ግን ወራት ፈጀ።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። አንድ መግቢያ እንዲኖር መጀመሪያ አንድ የሰዎች ዝርዝር ያስፈልጋል። የሰው ሀብት ክፍል የራሱ ዝርዝር አለው፣ ሬጅስትራሩ የራሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በቲኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በቲዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ። ወላይታ ልጆች ላይ ሲደርስ ይብሳል፤ በወላይትኛ አጻጻፍ ረጅሙ አናባቢ በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ በእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ደግሞ በአንድ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ውጭ አገር የተሠራው ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የአባቱን ስም ይጽፋል፣ አንዳንዱ የአያቱን። አንድ መምህር በሦስት ስም ሦስት ሰው ሆኖ አገኘነው፤ «ደሞዜ ግን አንድ ነው» አለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው ነው፤ መለያው ስም አይሁን። የተማሪ መታወቂያ ቁጥር ወይም የሠራተኛ መለያ ቁጥር ይሁን። ስም ለሰው ነው፤ ቁጥር ለማሽን። አሁን ፋይዳ መጥቷል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ወጥቶለታል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለማጣራት ይጠቅማል። ባለ 12 አኃዙን ቁጥር ግን የመግቢያ ስም አድርጎ በየስክሪኑ መለጠፍ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ምክሬ፤ «አንድ የይለፍ ቃል» እና «አንድ ጊዜ መግባት» አንድ አይደሉም። እኛ መጀመሪያ የሠራነው ሁሉም ሥርዓት ያንኑ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ነው። ሰው ተደሰተ፤ አንድ ብቻ ነዋ የሚያስታውሰው። ግን ከአሥር ሥርዓቶች አንዱ ደካማ ከሆነ ለዚያ የሰጠኸው የይለፍ ቃል ዘጠኙንም ይከፍታል። ትክክለኛው መንገድ የይለፍ ቃሉ በአንድ በር ብቻ እንዲጻፍ፣ ሌላው ሁሉ ትኬት እንዲያይ ነው። ድረ ገጾቹን ሁሉ በዚህ መንገድ ቀየርን። በላብራቶሪ ኮምፒውተሮች ላይ መልእክቱም በትኬት ይገባል። በስልክ ላይ ግን መተግበሪያው ይህን ስለማይችል ለመልእክት ብቻ የሚሆን የተለየ የይለፍ ቃል ከመግቢያው ገጽ እንዲወሰድ አደረግን። ስልኩ ቢሰረቅ ያንን ብቻ ትሰርዛለህ። ለሬጅስትራርና ለፋይናንስ ደግሞ በስልክ የሚወጣ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ጨመርን፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል።

ሦስተኛውን ምክር በውድ ዋጋ ነው የገዛሁት። አንድ በር ማለት ሲዘጋ ሁሉም ሰው ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

የምዝገባ ቀን ነው። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ዘገየ፤ የመጠባበቂያው ባትሪ አለቀና ሰርቨሩ ወደቀ። ጠዋት ሲነሣ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ግን አንድም ሰው መግባት አልቻለም። ተማሪው በር ላይ ተሰልፏል፤ ስልኬ አያርፍም። የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፣ አካውንቱ አለ፣ አይገባም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ላበት በላበት ሆኜ ፈለግኩ። ምን ሆኖ ተገኘ? ሰርቨሩ ውስጥ ያለችው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ሞታለች። ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ሄዷል። ትኬት ደግሞ ሰዓት አለው ብያችኋለሁ፤ ኬርቤሮስ እንደተለመደው የሚታገሠው የአምስት ደቂቃ ልዩነት ነው። ሰዓቱን ከውጭ እንዳያስተካክል የውጭ መስመሩም ያን ጠዋት የለም። አንድ አለቃችን በቁም ነገር «በኛ ሰዓት አድርገኸው እንዳይሆን?» አሉኝ። ሳቅ መጣብኝ፤ አልሳቅኩም።

የዚያች ባትሪ ዋጋ የአንድ ማኪያቶ ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሰርቨር በሁለት ሕንጻ፣ ግቢ ውስጥ የራሳችን ሰዓት ጠባቂ፣ እንዲሁም በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ የአደጋ ጊዜ አካውንት አለን። ፖስታው ሲከፈት ማን እንደከፈተው በፊርማ ይመዘገባል። የምስክር ወረቀቶችንም፣ ማለትም ድረ ገጹ እውነተኛው መሆኑን የሚያረጋግጡትን፣ በነጻ የሚገኙት በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚያልፍባቸው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሁለት ሰው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።

አራተኛው ምክር ስለሚሄዱ ሰዎች ነው። አካውንት መክፈት ሁሉም ያስታውሳል፤ መዝጋት ማንም አያስታውስም። እኛ ስንቆጥር ከዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ ወጥተው ያልተመለሱ፣ የተዛወሩ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ያረፉም ሰዎች አካውንት ክፍት ነበረ። ክሊራንስ ሲሞላ ሰው የመጽሐፍና የንብረት ፊርማ ይሰበስባል፤ አካውንቱም እዚያው ቅጽ ላይ መግባት አለበት።

አሁን ከባዱ ነገር ላይ ደርሻለሁ።

መልእክቱ ሥራ ላይ በዋለ በዓመቱ አንድ ኃላፊ ቢሮ ጠሩኝ። በተማሪዎች መካከል የምግብ ቅሬታ ነበር። «ሰርቨሩ ያንተ ነው፤ እስቲ ምን እየተባባሉ እንደሆነ አውጣልኝ» አሉኝ። እኒህ ሰው ክፉ አልነበሩም። ግቢው እንዳይረበሽ ፈርተው ነው። እኔ ግን አልችልም አልኳቸው። እምቢ ማለቴ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥም አልችልም። የግል መልእክቶቹ ኦሜሞ በተባለው መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠሩ ናቸው፤ ሲግናል የተባለው መተግበሪያ የሚጠቀምበት ዓይነት ዘዴ ነው። መክፈቻው ያለው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ ውስጥ እንጂ በሰርቨሩ ላይ አይደለም። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ ያውቃል እንጂ ምን እንደተጻፈ አያውቅም።

ተቆጡ። «ታዲያ ለማን ነው የሠራኸው?» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዕንቅልፍ ነስቶኛል። በአንድ በኩል ማን እንደገባ ሁሉ ይመዝገብ የምል ሰው ነኝ። በሌላ በኩል ምን እንደተባለ ማንም አይስማ እላለሁ። አይጋጭም? በወላይታ ባህል አስቡት። ዱቡሻ ላይ ሕዝብ ሲሰበሰብ የተናገረው ሰው ይታወቃል፤ ቃሉ ያስጠይቀዋል። ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ጋር፣ ከታመመ ወንድሙ ጋር የሚያወራውን ግን ማንም ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ አይሰማም፤ ቢሰማ ነውሩ የሰሚው ነው። ውጤት መቀየር፣ ገንዘብ ማዘዝ፣ ዕቃ ማውጣት የዱቡሻ ሥራ ነው፤ በስም ይሁን። የተማሪ ጨዋታ፣ ታማሚ ለሐኪሙ የሚጽፈው፣ የተበደለች ልጅ ለአማካሪዋ የምትጽፈው የቤት ነገር ነው።

ይህ ዛሬ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲ የሚይዘው ውጤት፣ ስልክ ቁጥር፣ የጤና መረጃ ሁሉ የሰው አደራ ነው፤ የመያዣው ባለቤት አይደለንም።

በኋላ ከኚያ ኃላፊ ጋር ተቀምጠን አንድ ገጽ ደንብ ጻፍን። የመግቢያ መዝገብ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይከፍተው፣ የታየበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲቀመጥ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው «የአይሲቲው ሠራተኛም ብቻውን አይክፈት» የሚለውን ያስጨመሩት። ልክ ነበሩ፤ እኔንም ማን ይጠብቀኛል? የቅሬታውም ነገር የተፈታው ተማሪዎቹን ጠርቶ በመጠየቅ ነው። ወጡ ቀጭን ነው አሉ፤ እውነትም ቀጭን ነበር።

መጨረሻዬ ላይ ነኝ። ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እለምናለሁ።

ለመምህሮቻችን፤ የይለፍ ቃላችሁን ለክፍል ተጠሪ አትስጡ። «ውጤት አስገባልኝ፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» ያለ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስም አልጠራም። ልጁን ስታምኑት ውለታ የዋላችሁለት ይመስላችኋል። አንድ ነገር ቢፈጠር ግን ራሱን የሚከላከልበት ምንም የለውም።

ለዩኒቨርሲቲያችን፤ ተማሪ ሲመረቅ አካውንቱ አይሰረዝ፣ ይቀየር። የተማሪነት መብቱ ይነሣ፣ የቀድሞ ተማሪነት ይሰጠው። ከታርጫ፣ ከጂንካ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከውጭ አገር ያለው ልጅ ለትራንስክሪፕት ሁለት ቀን መንገድ ሳይገባ በዚያው ቁልፍ ገብቶ ይጠይቅ። ማኅበራችንም አባላቱን በየግሩፑ ከማሳደድ ይድናል።

ለእኛ ለተመራቂዎች፤ ከመካከላችን ባንክ የምንሠራ፣ ቴሌኮም የምንሠራ፣ ውጭ አገር ትልልቅ ሥርዓት የምናስተዳድር አለን። በዓመት ሁለት ቅዳሜ እንስጥ። የአንድ ዓመት ቅዳሜ ዝርዝሩን በማጽዳት ቢያልቅ እንኳ አይቆጨንም። ዳሞታን ለመውጣት ያልሰጠነውን ቅዳሜ ለዚህ እንስጥ።

ያቺ ልጅ በኋላ ተመለሰች፤ ትምህርቷንም ጨረሰች። ሰርተፊኬቷን ልትወስድ ስትመጣ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። የጋራው አካውንት መዘጋቱን፣ አሁን እያንዳንዱ ለውጥ ከነባለቤቱ እንደሚመዘገብ ነገርኳት። ጥፋቱም የማን እንደነበር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ለሚቀጥሉት ይጠቅማቸዋል» አለች። ይቅር አልኩህ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ኮምፒውተሩ ግን አሁን ያውቃል።